በስኳርና በቅመም የተለበጠ ለውዝ

ለውዝን በስኳርና በቅመም ለብጦ መቁላት ቀላል ሥራ ቢመስልም፣ ውጤቱን የሚወስነው ስኳሩ በእሳት ላይ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ለይቶ ማወቅ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ለቀማ ነው፤ በለውዝ ከምትታወቀው ከባቢሌም ይምጣ ከሌላ ስፍራ፣ በእርጥበት የተከማቸ ለውዝ አፍላቶክሲን የተባለውን፣ ሻጋታ የሚያመነጨውንና ጉበትን የሚጎዳውን መርዝ ሊይዝ ስለሚችል፣ የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ ያለ ስስት መጣል አለበት፤ መርዙ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋምና።

ሁለት ብርጭቆ ጥሬ ለውዝ፣ አንድ ብርጭቆ ስኳር፣ ግማሽ ብርጭቆ ውኃና ቁንጥር ጨው በሰፊ መጥበሻ ተደርጎ በመካከለኛ እሳት ሳይቋረጥ ሲማሰል፣ ውኃው ተንኖ ያልቅና ስኳሩ ተመልሶ በመድረቅ ፍሬዎቹን እንደ አሸዋ ይሸፍናቸዋል። ብዙዎች ተበላሸ ብለው የሚያወርዱት እዚህ ላይ ነው፤ ነገር ግን እሳቱ ተቀንሶ ማማሰሉ ሲቀጥል ስኳሩ እንደገና ይቀልጥና ወደ ካራሜል፣ ማለትም በሙቀት ብዛት ቡናማ ቀለምና ጠለቅ ያለ ጣዕም ወዳገኘ ቅላጭ ስኳር ይለወጣል።

የተፈጨ ቀረፋና ኮረሪማ፣ መዓዛቸውን የሚሰጠው ዘይት በሙቀት ቶሎ የሚተን፣ ዱቄታቸውም በቀላሉ የሚያርር በመሆኑ፣ መጨመር ያለባቸው ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው ብቻ ነው፤ ከሁለቱም ለለውዝ ይበልጥ የሚስማማው ኮረሪማ ነው። ትኩስ ካራሜል ቆዳ ላይ ተጣብቆ ክፉኛ ስለሚያቃጥል፣ ለውዙ በእጅ ሳይነካ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ በማንኪያ ተዘርግቶ ይለያያል፤ ስኳር የአየሩን እርጥበት ስለሚስብም፣ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል።