ሥዕሉ ከየት ወዴት ይነበባል?

ትራማዶል በቀዶ ጥገና ለወለደች ወይም አጥንቷ ለተሰበረ ሴት ሊታዘዝ የሚችል ማስታገሻ ነው። እንደ ሞርፊንና ኮዴይን ሁሉ ኦፒዮይድ ከሚባሉት ይመደባል፤ ሕመሙን ያበርዳል፣ ግን ያደነዝዛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሲበዛ ትንፋሽ ያዳክማል፣ ከተለመደም መተዉ ይከብዳል። ወደ ጡት ወተትም ያልፋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ኮዴይንና ትራማዶል እንዳይወስዱ ያሳሰበው ለዚህ ነው። ከካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ይህን ይናገራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በእንግሊዝኛ፣ ያውም ጉንዳን በሚያህል ፊደል።

በጨፋ ሸለቆ ነገሩ ይብሳል። በዚያ በምትገኘው በከሚሴ ከተማና በዙሪያዋ ትምህርት ቤት የገባች ሴት ኦሮምኛን በቁቤ፣ አማርኛን በፊደል ታነባለች፤ ቁርአን የቀራች የዐረብኛውን ታውቃለች፤ አንዱንም ያልተማረች እናት አለች። መላው ሥዕል ይመስላል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲያስተምሩ በሥዕል ይረዳሉ።

ሥዕልም ግን ንባብ አለው። ሦስት ሥዕሎች ጎን ለጎን ይደርደሩ፦ የነቃ ሕፃን፣ ኪኒን የምትውጥ እናት፣ የደነዘዘ ሕፃን። ከግራ ወደ ቀኝ ላነበበ ሰው ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ መቅራት የለመደች ሴት ግን የደነዘዘው ሕፃን እናቱ ኪኒን ስትውጥ ሲነቃ ልታይ ትችላለች። ሥዕሎቹን ከላይ ወደ ታች ማውረድ ከዚህ ስሕተት ያድናል። የክልከላ መስመርም አይታመንም፤ ፅንስ በሚጎዱ መድኃኒቶች ላይ በነፍሰ ጡር ምስል የተሰመረውን መስመር አይተው መድኃኒቱ የወሊድ መከላከያ ነው ብለው የተረዱ ሴቶች በአሜሪካ ነበሩ። ከዚህ የከፋ መሳሳት የለም። ዓይን ወይም ጡት ብቻ ተነጥሎ ሲሣልም የተቆረጠ አካል ሊመስል ይችላል፤ ሻሿን አስራ ሕፃኗን የታቀፈች ሙሉ ሴት ትሻላለች።

ዋናው ነገር ሥዕሉን ከመታተሙ በፊት ለእናቶቹ ማሳየት ነው። «ገባሽ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ እንግዳ ላለማሳፈር «አዎ» ማለት ወግ ነውና። የሚጠየቀው «ይቺ ሴት ምን እያደረገች ነው?» ተብሎ ነው። መልሱ ከታሰበው ከራቀ የሚታረመው ሥዕሉ ነው።

የመጨረሻው ሥዕል ጤና ጣቢያን ማሳየት አለበት። ማስታገሻ የወሰደች እናት የምታጠባው ሕፃን አልነቃ፣ አልጠባ ካለ ወይም ትንፋሹ ከተቆራረጠ፣ ሌሊትም ቢሆን የኪኒኑን ካርቶን ይዞ ወዲያው ወደዚያ መሄድ ነው።