የይርጋጨፌ ቡና በመብራት ሲለቀም

የይርጋጨፌ ቡና በዓለም ገበያ ስሙ ራሱ ገንዘብ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ባደረገው ጥረት በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ መድረሱ ይታወሳል። ስሙን በወረቀት ያስከበረው ስምምነት ቢሆንም፣ በጆንያ ውስጥ የሚያስከብረው ግን ለቀማው ነው።

በጌዴኦ ዞን ታጥቦ በአልጋ ላይ የደረቀው ቡና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ተፈልፍሎ ለኤክስፖርት ይለቀማል። ቀድሞ በሴቶች እጅ ብቻ ይከናወን የነበረውን ይህን ሥራ ዛሬ ከለር ሶርተር የተባለው ማሽን ይጋራል።

ለመሆኑ ማሽኑ መጥፎውን ፍሬ እንዴት ያውቀዋል? ፍሬው በቦይ ተንሸራቶ ሲወርድ በካሜራና በአንድ ሰሌዳ መካከል ያልፋል። የሰሌዳው ብርሃን ከጥሩው ፍሬ ቀለም ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ ይስተካከላል። ስለሆነም ጥሩው ፍሬ ከሰሌዳው ጋር ተመሳስሎ ያልፋል፤ ጥቁሩና የነጣው ግን ጎልቶ ይታያል። ወዲያው የታመቀ አየር መትቶ ይጥለዋል።

እንግዲህ ኪሣራው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሰሌዳው መብራት ሲደክም ወይም መስታወቱ አቧራ ሲለብስ፣ ጥቁሩ ፍሬ ከሰሌዳው ጋር ተመሳስሎ ያልፋል፤ ጥሩው ደግሞ እንደ ነጣ ተቆጥሮ ይጣላል። ማሽኑን ከልክ በላይ ማጥበቅም ደህናውን ፍሬ ያስጥላል፤ ማላላት ደግሞ ደረጃ ያሳጣል።

ከዚህም የከፋ አለ። ቀማሾች ስቲንከር የሚሉት የሸተተ ፍሬ አንዳንዴ በተራ ብርሃን ጤናማ ይመስላል፤ የሚለየው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያበራ ነው። ይህ መብራት የሌለው ማሽን ያሳልፈዋል፤ አንዲት ፍሬም ስኒውን ታበላሻለች። በታጠበ ቡና የደረጃ ምደባ ከ100 ነጥብ 60ው የቅምሻ መሆኑን ላሰበ ነጋዴ ጉዳቱ ግልጽ ነው። መከላከያው የሚጀምረው ይርጋጨፌ ላይ፣ ከማጠቢያው ገንዳ ውስጥ የቆየ ፍሬ እንዳይቀር በማጽዳት ነው።

ማሽን የሌለው ላኪ በሌላ መጋዘን ሲያስለቅም ስለ ሰዓቱ ሂሳብ ብቻ መጠየቁ አይበቃውም። መስታወቱ መቼ እንደተወለወለ ይጠይቅ፤ ከተጣለው ክምርም አንድ እፍኝ አንስቶ ይመልከት። ደህና ፍሬ ከበዛበት ገንዘቡ እዚያ ተደፍቷል።