ሻርኮቹና መዝገቡ

(የማዕበል ድምፅ፤ የጀልባ እንጨት ሲንቃቃ ይሰማል)

ሌሊት ነው። በአንዲት አሮጌ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ውስጥ ሦስት ወንዶች ጠረጴዛ ከበው ይጠጣሉ። ጠባሳቸውን እያሳዩ ይፎካከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። አንደኛው በአጥማጁ ክንድ ላይ የተፋቀ ንቅሳት ያይና ምን እንደነበር ይጠይቃል። አጥማጁ ኩዊንት የአንድ መርከብ ስም ይጠራል፤ ዩኤስኤስ ኢንዲያናፖሊስ። ሳቁ በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል።

ከዚያ በኋላ ለአራት ደቂቃ ያህል የሚሰማው የኩዊንት ወሬ ብቻ ነው። የምትፈነዳ መርከብ አትታይም፤ ያለፈውን የሚያሳይ ትዕይንትም የለም። ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1975 ለሕዝብ ባቀረበው “ጆውስ” ፊልም ውስጥ ሮበርት ሾ የተባለው እንግሊዛዊ ተዋናይ ተቀምጦ ያወራል፤ ተመልካቹ ግን ውቅያኖሱን ያያል። ታሪኩ ፊልሙ በተመሠረተበት የፒተር ቤንችሊ ልቦለድ ውስጥ የለም። ሐሳቡን ያመነጨው ጸሐፌ ተውኔቱ ሃዋርድ ሳክለር ነው፣ ጆን ሚሊየስ አስረዘመው፣ ራሱም ደራሲ የነበረው ሾ ደግሞ ለአፉ እንዲመቸው አድርጎ ከረከመው። የዚያችን መርከብ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ከኩዊንት አፍ የሰማው ሰው እጅግ ብዙ ነው። ለመሆኑ ኩዊንት የተናገረው ምን ያህል እውነት ነው?

(አጭር ሙዚቃ)

ኢንዲያናፖሊስ ከባድ ክሩዘር የሚባለው ዓይነት የጦር መርከብ ነበረች። በጁላይ 16 ቀን 1945 ከሳን ፍራንሲስኮ ስትነሣ፣ ኋላ ሂሮሺማ ላይ የተጣለውን የአቶሚክ ቦምብ ክፍሎች ይዛለች። ከመርከበኞቿ መካከል የጭነቱን ምንነት የሚያውቅ አልነበረም። በጁላይ 26 ቲኒያን ደሴት ላይ አራገፈች፤ በጉዋም በኩል አድርጋም ወደ ፊሊፒንስ፣ ወደ ሌይቴ ጉዞ ጀመረች። አዛዧ ካፒቴን ቻርልስ ማክቬይ አጃቢ መርከብ ጠይቀው አልተሰጣቸውም። ከጥቂት ቀናት በፊት በዚያው ቀጣና አንድ የአሜሪካ መርከብ በጃፓኖች መስጠሙንም የነገራቸው የለም።

ጁላይ 30፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 23 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ ብዙም አልቆየም። የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ አይ 58 አዛዥ ሞቺትሱራ ሐሺሞቶ ከደመናው በወጣችው ጨረቃ ብርሃን አንድ ጥቁር ቅርጽ አዩ። ሁለት ቶርፔዶ ኢንዲያናፖሊስን መታት። በ12 ደቂቃ ውስጥ ከነ300 ያህል ሰዎቿ ሰጠመች፤ 900 የሚጠጉት ባሕር ላይ ቀሩ።

እንግዲህ ኩዊንትን እንፈትሸው። ሁለት ቶርፔዶ ማለቱ ልክ ነው። ቦምቡን አድርሳ ስትመለስ መመታቷም ልክ ነው። ቀኑን ግን በአንድ ወር ያህል ስቶ ጁን 29 ይላል፤ በዚያን ቀን መርከቧ ገና ከሳን ፍራንሲስኮ አልተነሣችም። ውሃ ውስጥ የገባውን ሰው 1100 ማድረሱም መርከቧ ውስጥ የቀሩትን መርሳት ነው። ተልዕኮው ምስጢር ስለነበር የድረሱልን ጥሪ አልተላለፈም ማለቱ ደግሞ ለጆሮ ይጥማል እንጂ ውሃ አያነሣም። ምስጢሩ ከወረደ ቀናት አልፈዋል፤ ከሞት የተረፉ የሬዲዮ ሠራተኞችም ጥሪ ለማስተላለፍ መታገላቸውን ኋላ ለፍርድ ቤት መስክረዋል።

በአንድ ነገር ግን ኩዊንት ከብዙ ሰነዶች በልጧል። በሕይወት የወጡት 316 ናቸው ይላል። ለዓመታት በብዙ ጽሑፎች የተደጋገመው ቁጥር 317 ነበር። ልዩነቱን ያመጣው መርከቧ ልትነሣ ስትል ለሥልጠና እንዲወርድ የታዘዘ፣ ስሙ ግን ከዝርዝሩ ያልተሰረዘ አንድ የሬዲዮ ባለሙያ ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ2018 ቁጥሩን አርሞ 1195 ተሳፋሪ፣ 879 ሟች፣ 316 ተራፊ ብሎ ዘጋው።

የኩዊንት ትልቁ ስህተት ሌላ ቦታ ነው። እሱ ሲያወራው የቀሩትን ሁሉ ሻርክ የበላቸው ይመስላል። ሻርኮቹ ነበሩ፤ ተራፊዎቹም ጓደኞቻቸው ከአጠገባቸው ሲነጠቁ ማየታቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው ተናግረዋል። ብዙውን ሰው የጨረሰው ግን ቃጠሎና ቁስል፣ የቀን ሐሩርና የሌሊት ብርድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥሙ ነበር። ያለ ንጹሕ ውሃ ቀን ሲቆጠር ጨዋማውን ውሃ የጠጡት አእምሯቸው ተናወጠ። አንዱ ደሴት አየሁ ብሎ ዋኝቶ ይሄዳል። ሌላው መርከቧ እዚሁ ከሥራችን ናት፣ ቀዝቃዛ ውሃም አላት ብሎ ይጠልቃል፤ አይመለስም። የነፍስ አድን ጃኬቶቹም ውሃ እየጠጡ ከበዱ፤ ተንሳፋፊው ሰው ቀስ በቀስ እስከ አገጩ ወረደ።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ከሰኞ ሌሊት እስከ ሐሙስ ድረስ እንዴት ፈላጊ አጡ?

መልሱ ያለው ባሕሩ ላይ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ነው። በዘመኑ መመሪያ የጦር መርከብ ወደብ ሲገባ ደረሰ ተብሎ ሪፖርት አይደረግም ነበር። ስለዚህ አለመድረሱንም ሪፖርት የሚያደርግ አልተገኘም። ሌይቴ የምትጠበቅበት ቀን ሲደርስ በሰሌዳው ላይ ኢንዲያናፖሊስ ደረሰች ተብሎ ተያዘ። ሐሺሞቶ አንድ ትልቅ የጦር መርከብ ማስጠማቸውን ለአለቆቻቸው በሬዲዮ ሲያሳውቁ አሜሪካኖች መልእክቱን ጠልፈው አንብበውታል፤ ነገር ግን ሰሚ አላገኘም። በመጨረሻም ያገኛቸው አጋጣሚ ነው። ዊልበር ግዊን የተባሉ አብራሪ የአውሮፕላናቸው አንቴና አስቸግሯቸው ከእሱ ጋር ሲታገሉ ወደ ታች ቢመለከቱ ዘይት የተንጣለለበት ባሕር አዩ፤ ዘይቱ ውስጥ ደግሞ ሰዎች። ቀጥለው የደረሱት አብራሪ አድሪያን ማርክስ በክፍት ባሕር ላይ አትረፉ የሚለውን ትእዛዝ ጥሰው ካታሊና አውሮፕላናቸውን ማዕበሉ ላይ አሳረፉ። 56 ሰው ጫኑ፤ ውስጡ ሲሞላ የቀሩትን ክንፉ ላይ በፓራሹት ገመድ አሰሩ።

(ሙዚቃ)

ካሜራ ሻርክን ይወዳል። በሰሌዳ ላይ የተጻፈ የተሳሳተ ምልክት ግን ለፊልም ሠሪ ምን ይፈይደዋል? የኢንዲያናፖሊስን ታሪክ ለማሳየት የሞከሩ ሁሉ የተቸገሩት በዚህ ነው። በ1991 ስቴሲ ኪች ካፒቴን ማክቬይን ሆኖ የተጫወተበት የቴሌቪዥን ፊልም ካፒቴኑ ኋላ የቀረቡበትን የጦር ችሎት ከነክርክሩ ለማሳየት ሞክሯል፤ በርዕሱ ግን ሻርክ ማስገባቱ አልቀረም። በ2016 ደግሞ ማሪዮ ቫን ፒብልስ ኒኮላስ ኬጅን ይዞ መጣ። ቀረጻው የተካሄደው አላባማ ግዛት ሞቢል ከተማ ውስጥ፣ ሙዚየም በሆነችው በዩኤስኤስ አላባማ ላይ ነው። አላባማ ባለ 16 ኢንች መድፍ ግዙፍ ባትልሺፕ ናት፤ ኢንዲያናፖሊስ ባለ 8 ኢንች ክሩዘር ነበረች። መቼም በዚህ ፊልም ሠሪዎቹን መውቀስ ይከብዳል፤ ሐሺሞቶም በዚያች ሌሊት የመቱት ባትልሺፕ መስሏቸው ነበር። የሚያስወቅሰው ሌላ ነው። እውነቱ ራሱ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ አንዲት ልጅ የወደዱ የሁለት ጓደኛሞች የፍቅር ጣጣ ተፈጥሮ መሐል ተሰንቅሯል። ፊልሙ መርከቧን፣ አውሮፕላኑን፣ ሻርኩን፣ ችሎቱን ሁሉ ያሳያል፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ካወራው አራት ደቂቃ ጋር ሲነጻጸር ግን ትዝ የሚል ነገር አይተውም። የተራፊዎቹን የራሳቸውን ድምፅ መስማት ለሚፈልግ የሣራ ቭላዲክ ዘጋቢ ፊልም ይሻለዋል።

ከባሕሩ በሕይወት የወጡትን ካፒቴን ማክቬይን የጠበቃቸው ፍርድ ቤት ነበር። በዲሴምበር 1945 ዋሽንግተን ውስጥ በተሰየመው የጦር ችሎት መርከቧን በዚግዛግ ባለመንዳት ተከሰሱ፤ በትእዛዙ ላይ ዚግዛጉ ለእሳቸው ውሳኔ የተተወ ነበር። ዓቃቤ ሕግ ጉድ የሚያሰኝ ምስክር አቀረበ። መርከቧን ያሰጠሙት ሐሺሞቶ ከጃፓን ተጠርተው መጡና ዚግዛግ ብትሄድም ባትሄድም ከመመታት እንደማታመልጥ ተናገሩ። ማክቬይ ግን ጥፋተኛ ተባሉ። በዚያ ጦርነት መርከባቸው በጠላት ጥቃት በመስጠሟ ለጦር ፍርድ ቤት የቀረቡ ብቸኛ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አዛዥ እሳቸው ናቸው። ቅጣቱ ቢነሣላቸውም የሟች ቤተሰቦች የጥላቻ ደብዳቤ ለዓመታት ይደርሳቸው ነበር። በ1968 ራሳቸውን አጠፉ።

የማክቬይን ጉዳይ ዳግም የቀሰቀሰው ያ ስህተት ያለበት የኩዊንት ወሬ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፍሎሪዳ ውስጥ ሀንተር ስኮት የሚባል የ11 ዓመት ልጅ “ጆውስ”ን ያይና ታሪኩ እውነት ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ለትምህርት ቤት የታሪክ ውድድር ብሎ ተራፊዎቹን እያፈላለገ ጠየቀ፣ ሰነድ ሰበሰበ። ማክቬይ ያለ በደላቸው መወንጀላቸውን ለዓመታት ሲናገሩ የኖሩት ተራፊዎች በልጁ በኩል ጋዜጣና ቴሌቪዥን ላይ ወጡ፤ ልጁም ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ተናገረ። ከውቅያኖሱ ማዶ ሐሺሞቶ ለሴናተር ጆን ዋርነር ደብዳቤ ጽፈው ለቀድሞ ጠላታቸው ተሟገቱ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማክቬይ ከጥፋቱ ነጻ ሊባሉ ይገባል የሚለውን የኮንግረሱን ውሳኔ በኦክቶበር 2000 ሲፈርሙ ሐሺሞቶ ካረፉ ገና ቀናት ነበሩ።

በ2001 የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ጎርደን ኢንግላንድ ማክቬይ ለመርከቧና ለሰዎቿ መጥፋት ተጠያቂ አለመሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ በግል ማኅደራቸው እንዲገባ አዘዙ። ዜናው ስማቸው ጸዳ ተብሎ ተነገረ። ይሁን እንጂ የጦር ፍርድ ቤቱ ውሳኔ በሕግ አልተሻረም፤ የ1945ቱ ጥፋተኛ የሚለው ፍርድና የ2001ዱ ጽሑፍ ዛሬም በአንድ ማኅደር ውስጥ ይገኛሉ።