የዛንዚባር ባሕር ገበያ፤ ከዋጋው በፊት የሚጠየቁ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ዛንዚባር በቀጥታ ስለሚበር፣ የጥቂት ቀናት ዕረፍት ያገኘ ነጋዴ ወደ ደሴቲቱ ጎራ ለማለት አይቸገርም፡፡ እዚያ ከሚሸጡት አገልግሎቶች አንዱ የአየር ሲሊንደር አዝሎ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ ማለትም ስኩባ ነው፡፡ ጎብኚን የሚያጠልቁ ድርጅቶች በኑንግዊ፣ በኬንድዋና በስቶን ታውን ይገኛሉ፡፡ ሸቀጣቸው ከላይ ሲታይ አንድ ዓይነት ስለሚመስል ገዥው የሚያወዳድረው ዋጋን ብቻ ይሆናል፡፡ ጉዳቱ የሚጀምረውም ከዚህ ነው፡፡

በጠረፉ ላይ ቱሪስት እየተከተሉ የሚያግባቡ ደላሎች አሉ፡፡ የአገሬው ሰው በስዋሂሊ «ፓፓሲ» ይላቸዋል፤ መዥገር ማለት ነው፡፡ ደላላው ኮሚሽኑን ይዞ በየብስ ይቀራል፤ ውኃ ውስጥ የሚገባው ገዥው ነው፡፡ ስለዚህ ውሉ ከድርጅቱ ጋር፣ በቢሮው፣ በደረሰኝ መፈጸም ይኖርበታል፡፡ የዕቃ ኪራይ፣ የጀልባና በምነምባ ደሴት ዙሪያ ለመጥለቅ የሚጠየቀው የባሕር ጥበቃ ክፍያ በተጠራው ዋጋ ውስጥ መኖራቸው አስቀድሞ ይጣራል፡፡

ቀጥሎ የሚጠየቀው ስለ አሰልጣኙ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች ድርጅት ለአሰልጣኞቹ የሚሰጠው ቁጥር ስላለ እውነተኛነቱን ማረጋገጥ ይቻላል፡፡ በዚሁ ድርጅት ደንብ መሠረት ሥልጠና የሌለው የመጀመሪያ ሞካሪ ከ12 ሜትር በታች አይወርድም፤ አንድ አሰልጣኝም በባሕር ላይ ከአራት በላይ እንዲህ ያሉ ሞካሪዎችን አይመራም፡፡ ስምንት ጀማሪ ለአንድ ሰው አስይዞ ዋጋ የሚቀንስ ድርጅት የቀነሰው ጥንቃቄውን ነው፡፡ የጤና መጠይቅ ሳያስሞላ ሲሊንደር የሚያሳዝልም እንዲሁ፡፡

ሦስተኛው አየሩ ነው፡፡ ኮምፕረሰሩ አየር የሚስብበት ቦታ ከሞተር ጭስ የራቀ መሆን አለበት፡፡ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በጥልቀት ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል፡፡ ጀልባው ላይ ኦክስጅን፣ ሬዲዮና ሁሉም ሲጠልቅ የሚጠብቅ ሰው መኖሩን፣ እንዲሁም ለአደጋ የሚያገለግለው የግፊት ሕክምና ክፍል የት እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም፡፡ ደህና ድርጅት ጥያቄውን በደስታ ይመልሳል፡፡

ለአዲስ አበባ ሰው የተለየ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የመመለሻ ቲኬቱ ነው፡፡ ጥልቀት ውስጥ ናይትሮጅን በሰውነት ይሟሟል፤ ግፊቱ ቶሎ ሲቀንስ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያንና ነርቭን ይጎዳል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የባለሙያዎች መመሪያ ከአንድ መደበኛ ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋጋሚ ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየትን ይመክራል፡፡ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ሊስተካከል ይችላል፡፡ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፡፡ ተጓዡ ቦሌ ሲወርድም ወደ ባሕር ወለል ግፊት አይመለስም ማለት ነው፡፡

«ዛሬ ጠልቀህ ማታ ትበራለህ» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ሌላ ሱቅ መፈለግ ነው፡፡ የመጨረሻውን ቀን ለስቶን ታውን ገበያ መተው ይሻላል፡፡ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፡፡