ስለ ራዲዮ መለወጫ ዕቃ አመራረጥ

በመንዝ በራቤል ከተማ በቤታችን ያለው ራዲዮ ብዙ ዘመን ካገለገለን በኋላ ባለፈው ክረምት፤ ጉሙ ከደጅ በማይነሣበት ሰሞን፤ እያጕረመረመ ሰንብቶ ፈጽሞ ዝም አለ። አባታችን ዓይናቸው ስለ ደከመ የዓለሙን ወሬ የሚሰሙት በእርሱ ብቻ ነበርና፤ የራዲዮው ዝምታ ለእርሳቸው እንደ ሁለተኛ ጨለማ ሆነባቸው። ስለዚህ ሳንውል ሳናድር ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድነው።

ጠጋኙም ራዲዮውን ከፍቶ አናቱ ያበጠውን ካፓሲተር አወጣና በመልክም በቁመትም የሚመስለውን ሌላ በየደበት። ራዲዮውም ተናገረ፤ እኛም ደስ ብሎን ዋጋውን ከፈልን። ነገር ግን በአራተኛው ሌሊት በውስጡ አንድ ነገር ጧ ብሎ ፈነዳና መጥፎ ሽታ ቤቱን ሞላው። በማግስቱ ሁለቱን ዕቃዎች አስተያይተን ብናነብ፤ በፊተኛው ላይ 1000 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት፤ በኋለኛው ላይ 1000 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት ተጽፎ አገኘን። ጠጋኙ የመጀመሪያውን ቍጥር አንብቦ ሁለተኛውን ትቶታል።

ካፓሲተር ኤሌክትሪክ የሚጠራቀምበት እንስራ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ማይክሮፋራዱ ምን ያህል እንደሚይዝ፤ ቮልቱ ምን ያህል ግፊት እንደሚችል ይናገራል። በራዲዮአችን ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር የመስመሩን 220 ቮልት ወደ 12 ያወርደዋል። ይህ 12 ግን የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ ልክ ነው እንጂ የጫፉ ከፍታ አይደለም፤ ጫፉ ወደ 17 ቮልት ይደርሳል፤ መስመሩ ሲበረታም ከዚያ ያልፋል። እንግዲህ 16 ብቻ የሚችለው እንስራ መሰንጠቁ አያስደንቅም።

በምናገለግልበት በፍርድ ቤት ወኪል ነኝ ብሎ የሚቀርብ ሰው የሚታይለት የውክልና ወረቀቱ ነው እንጂ መልኩ አይደለም። የመለወጫ ዕቃም ወረቀቱ በገላው ላይ የተጻፈው ቍጥር ነው። ከቍጥሮቹም አንዳንዱ እኩል መሆን አለበት፤ አንዳንዱ ቢበልጥ ግድ የለም። የካፓሲተር ማይክሮፋራድ ከቀድሞው ጋራ ሊቀራረብ ይገባል፤ ቮልቱ ግን ቦታው ከበቃው በ25 ፈንታ 35 ቢሆን ይሻላል እንጂ አይጎዳም። እንዲሁም 85 ዲግሪ ሙቀት በሚችለው ፈንታ 105 የሚችለውን ማግባት መልካም ነው። የመቀነስ ምልክት ያለበት ወገን ከተገለበጠ ግን ቍጥሩ ሁሉ ልክ ቢሆንም ያብጣል።

የፊውዝ ነገር የዚህ ተቃራኒ ስለ ሆነ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእርሱ ነው። አንድ አምፔር የተጻፈበት ሲቃጠል፤ እንዳይመላለስብኝ ብሎ አምስት አምፔር የሚያገባ፤ ከዚያም የባሰው የሲጋራ ብርወረቀት ጠቅልሎ የሚሸጕጥ አይተናል። ፊውዝ ዘበኛ ነው፤ ሽቦው ሳይግል በፊት እርሱ እንዲበጠስ ተብሎ የተሠራ ነው። ጣራው በጓሳ ሣር በተከደነ ቤት ውስጥ ዘበኛውን ማስተኛት ምን እንደሚያመጣ ለመንዝ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው አዳፕተር ሲለወጥ ደግሞ ቮልቱ እኩል ይሁን፤ የመደመርና የመቀነስ ወገኑም ይመሳሰል፤ አምፔሩ ቢበልጥ መሣሪያው የሚስበው የሚበቃውን ብቻ ስለ ሆነ አይጎዳም። በፀሐይ ኀይል የሚበሩት ትንንሽ መብራቶችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። 3.2 ቮልት የተጻፈበት ባትሪና 3.7 የተጻፈበት ለዓይን መንታ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሲሞላ ወደ 3.6፤ ሁለተኛው 4.2 ቮልት ስለሚደርስ፤ ለሁለተኛው የተሠራ መሙያ የመጀመሪያውን ከልኩ በላይ ሞልቶ ያበላሸዋል።

ወደ ራዲዮአችን እንመለስና፤ በጽሕፈት ሥራችን እንደ ለመድነው በቀድሞው ካፓሲተር ላይ ያለውን ፊደልና ቍጥር አንድም ሳናስቀር ገለበጥን፤ ውፍረቱንና ቁመቱንም በክር ለክተን ወረቀቱን ወደ አዲስ አበባ ለሚወርድ ዘመዳችን ሰጠነው። እርሱም ከመርካቶ ሁለት ገዝቶ በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰ። ሌላ ጠጋኝ ሲበይደው አጠገቡ ቆመን ቍጥሩን ከወረቀቱ ጋራ አመሳከርን፤ ሁለተኛውንም በሣጥን አስቀመጥነው። አባታችን ድምፁ ከቀድሞው ይልቅ ጠርቷል ይላሉ፤ እኛ ግን ልዩነቱ አልተሰማንም።