የድሮ የቴሌቪዥን ጨዋታ መሣሪያ በቤት ውስጥ ስለ መሥራት

አንድን መሣሪያ መቅዳት ማለት ምንን መቅዳት ነው? በውስጡ ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ መልሶ መሥራት ነውን? ወይስ መሣሪያው የሚሠራውን ሥራ በሌላ መንገድ ማሠራት? ይህን ጥያቄ ለመመርመር በምሳሌነት የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ለገበያ ቀርቦ፣ ኋላ በ1982 «አታሪ 2600» የተባለውን የጨዋታ መሣሪያ ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ስለ ሆኑ አንድ ተማሪ ከዳር እስከ ዳር ሊረዳው ይችላል።

፩. የመሣሪያው አሠራር

ጥቃቅኑን ዕቃ ትተን ዋና ዋናውን ብንመለከት፣ መሣሪያው የቆመው በሦስት ቺፖች ላይ ነው። የመጀመሪያው 6507 የሚባለው ፕሮሰሰር ነው፤ ይኸውም በ1975 ከወጣው ከ6502 የተገኘ ሲሆን፣ የአድራሻ መስመሮቹ 13 ብቻ ስለ ሆኑ ከ8,192 አድራሻዎች በላይ ሊጠራ አይችልም። ሁለተኛው 6532 ሲሆን፣ 128 ባይት ሚሞሪ፣ የጊዜ መቍጠሪያና የመጫወቻው እጀታ አቅጣጫ የሚነበብበት በር በአንድነት ይገኙበታል። ሦስተኛው ሥዕልንና ድምፅን የሚያወጣው ቲአይኤ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ የሚታየው ሥዕል ወደ ጎን 160፣ ወደ ታች እንደ ልማዱ 192 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ 30,720 ይሆናል። እያንዳንዱን ነጥብ «በራ» ወይም «ጠፋ» ብለን ብቻ ብንመዘግብ እንኳ 3,840 ባይት ያስፈልገናል። ታዲያ 128 ባይት ብቻ ያለው መሣሪያ ሥዕሉን የት ያኖረዋል?

መልሱ «የትም አያኖረውም» የሚል ነው። የቴሌቪዥኑ ጨረር አንዱን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሲስል፣ ፕሮሰሰሩ አብሮት እየሮጠ ለዚያ መስመር የሚሆነውን ብቻ ለቲአይኤ ያቀብላል። መስመሩ ሲያልፍ የቀደመው ይረሳል። በአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት አንድ መስመር 228 የቀለም ምት ይፈጃል፤ ፕሮሰሰሩ በየሦስቱ ምት አንድ እርምጃ ስለሚራመድ በአንድ መስመር 76 እርምጃ ብቻ አለው። ከሁሉ አጭሩ ትእዛዝ 2 እርምጃ ስለሚወስድ፣ በመስመር ከ38 ትእዛዝ በላይ አይፈጸምም ማለት ነው።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቅ አለ። አንድን ተጫዋች በመስመሩ ላይ ለማስቀመጥ «በዚህ ቍጥር ላይ ቁም» ተብሎ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ፕሮግራሙ ጨረሩ ወደ ተፈለገው ቦታ ሲደርስ ጠብቆ አንዱን አድራሻ ይነካል፤ ተጫዋቹም በዚያው ይተከላል። በአንድ እርምጃ ቢዘገይ ተጫዋቹ በ3 ነጥብ ይርቃል። ከዚህ ያነሰው ማስተካከያ በሌላ ትእዛዝ ይደረጋል። እንግዲህ በዚህ መሣሪያ ውስጥ ጊዜና ቦታ አንድ ነገር ናቸው።

፪. የቅጂው ንድፍ

የአድራሻው አከፋፈል ቀላል ነው። አሥራ ሦስተኛው መስመር ሲበራ ጥሪው ለካርትሪጁ፣ ሲጠፋ ለውስጥ ቺፖች ነው፤ ከውስጥም ስምንተኛው መስመር ቲአይኤን ከ6532 ይለያል። ቲአይኤ ዛሬ ስለማይመረት፣ ወይ ከተሰበረ አሮጌ መሣሪያ ይነቀላል፣ ወይም ኤፍፒጂኤ በሚባለው፣ የውስጥ ግንኙነቱን ሠሪው ራሱ በሚወስንለት ቺፕ ላይ እንደገና ይሠራል።

ፕሮሰሰሩን በሚመለከት ግን ወጥመድ አለ። የ6502 ዘር የሆነው 65ሲ02 እስከ ዛሬ ይመረታል፤ የበላይ ሦስት የአድራሻ መስመሮቹን ሳያገናኙ መተው የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን አዲሱ ቺፕ የአሮጌውን ጉድለት ያረመ ነው። በአሥር በአሥር ቍጥር ሲደምር ውጤቱን አስተካክሎ ለመስጠት አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ ብዙ ጨዋታዎች ደግሞ ነጥባቸውን የሚይዙት በዚሁ አቈጣጠር ነው። እንዲህ ያለው ድምር ሥዕል በሚሳልበት መስመር ላይ ቢውልና ከ76 እርምጃ ቢያልፍ፣ ፕሮሰሰሩ የሚቀጥለው መስመር እስኪያልቅ ይቆማል፤ ሥዕሉም ይዘላል። እንዲሁም አንዳንድ ፕሮግራሞች በመመሪያው ውስጥ ያልተጻፉ የአሮጌውን ቺፕ ትእዛዞች ይጠቀማሉ፤ አዲሱ ግን እነዚህን እንደ አሮጌው አይፈጽማቸውም። ስለዚህ የተሻለው ቺፕ ለእኛ ሥራ የባሰ ሆነ።

የቲአይኤም ነገር እንዲሁ ነው። ተጫዋቾችን በጥቂቱ የሚያንቀሳቅሰው ትእዛዝ በመስመር መጀመሪያ ሲሰጥ በግራ በኩል 8 ነጥብ የሚያህል ጥቍር ጭረት ይታያል። ይህ ጉድለት ነው፤ ቢሆንም የጨዋታዎቹ ጸሐፊዎች እያዩት ስለ ሠሩ፣ ቅጂው ጭረቱን መጠበቅ አለበት።

፫. ስለ መብት

ኮሌኮ የተባለው ኩባንያ በ1982 የአታሪን ካርትሪጆች የሚያጫውት ተጨማሪ መሣሪያ አወጣ። አታሪ ከሰሰው፤ ክርክሩም ኮሌኮ በፈቃድ እንዲሠራ በስምምነት አለቀ። እኛም ለትምህርት ስንሠራ ልንለየው የሚገባ ነገር አለ፤ የመሣሪያውን አሠራር አጥንቶ በራስ ንድፍ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ የሌላ ሰው የጨዋታ ፕሮግራም ገልብጦ ማደል ግን ሌላ ነው። ለመሞከሪያ የሚሆን አጭር ፕሮግራም ተማሪው ራሱ ቢጽፍ ይሻላል።

በመጀመሪያ ለጠየቅነው ጥያቄ እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። የሚቀዳው ሣጥኑ አይደለም፤ ቺፑም ብቻ አይደለም። ሌሎች የተማመኑበት ጠባይ ሁሉ፣ ስሕተቱም ጭምር፣ መቀዳት አለበት። አሮጌውን ለመተካት የሚነሣ ሰው ከማረሙ አስቀድሞ፣ በዚያ ስሕተት ላይ ማን ምን እንደ ሠራ ይጠይቅ።