ለታንኳ የሚሆን ጣውላ አመራረጥ

ለዓሣ አጥማጆች ታንኳ ለማሠራት የምታስቡ ጉባኤዎችና የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ስለ ጣውላ ጥቂት ልንገልጽላችሁ እንወዳለን።

የጣና ታንኳ ከደንገል ይታሰራል፤ በባሮ ላይ ደግሞ አኙዋኮች ግንድ ፈልፍለው ይቀዝፋሉ። ለመፈልፈል የሚበቃ ወፍራም ግንድ ግን እንደ ልብ ስለማይገኝ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ጣውላ ይመልሳል። ገበያ የወጣ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ርዝመቱን ነው። እኛ ግን ርዝመት የመጨረሻው ጥያቄ ይሁን እንላለን። ስድስት ሜትር ሆኖ ውስጡ የበሰበሰ ጣውላ፣ አባወራውን ከነመረቡ ሐይቅ መካከል ሊጥለው ይችላልና።

ዋንዛ ለዚህ ሥራ መልካም እንጨት ነው፤ ቀላል ነው፣ ለመላጊያም ይታዘዛል። ይሁን እንጂ ግንዱ ብዙውን ጊዜ አጭርና ጎባጣ ስለሆነ ረጅም ጣውላ አይወጣውም። (ጎባጣው ቅርንጫፍ አይጣል፤ ለታንኳው የጎን አጥንት ከእርሱ የሚሻል የለም።) ስለዚህ እጅግ ረጅምና ቀጥ ያለ ጣውላ «ዋንዛ ነው» ሲባል ጠርጥሩ። ዝግባ ወይም ቀረሮ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ቁመታቸው ያማረ ነው፣ እርጥበት ላይ ግን ቶሎ ይበሰብሳሉ።

መለያው እንዲህ ነው። የጣውላውን ጫፍ በስለታም ቢላዋ ላጥ አድርጋችሁ በውኃ አርጥቡት። በዋንዛ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በዓይን ይታያሉ፤ በዝግባና በጥድ ላይ ግን አይታዩም። ጥድ በቀይ መልኩና በሽታው ይታወቃል። የተቃጠለ ዘይት የተቀባ ጣውላ አትግዙ፤ ዘይቱ መልኩንም ስንጥቁንም ይሸፍናል።

ዋንዛም ቢሆን ሁለንተናው አንድ አይደለም። ነጣ ያለው የውጭ ክፍል ይነቅዛል፤ የሚፈለገው ቡናማው ልቡ ነው። የግንዱ እምብርት የገባበት ጣውላ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ይቅር።

ከዚያ ድርቀቱን መርምሩ። ከጣውላው መካከል (ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ) ትንሽ ቁራጭ ወስዳችሁ መዝኑ፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ሳታሳርሩ በምድጃ አድርቁና እንደ ገና መዝኑ። 230 ግራም የነበረው 200 ከሆነ እርጥበቱ 15 በመቶ ነው፤ ለታንኳ ይበቃል። ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ጥላ ሥር ማድረቅ የአናጢዎች የቆየ ልማድ ነው፤ በቆላ ግን ይፈጥናል።

ስለ ፈቃድም ሳንናገር አናልፍም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ በኋላ የወጡትም አዋጆች የአገር በቀል ዛፎችን ጥበቃ አላነሡም። ከማሳና ከቡና ጥላ የሚገኝ ዋንዛ ስላለ ነጋዴው የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃዱን ያሳያችሁ። ካላሳየ፣ ዋጋው ቢረክስም ተዉት።

ርዝመቱስ? ሁለት አጫጭር ጣውላዎችን አጋጥሞ ረጅም ማድረግ ይቻላል። ጫፎቻቸው በሰያፍ ይላጋሉ፤ የሰያፉ ርዝመት ከውፍረቱ ቢያንስ ስምንት እጥፍ ይሁን። ለ2 ሳንቲ ሜትር ጣውላ 16 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ተራው ነጭ ኮላ ውኃ ውስጥ ስለሚፈታ ውኃ የሚችል የጀልባ ሙጫ ግዙ። በጎረቤታም ጣውላዎች ላይ መጋጠሚያዎቹ ትይዩ እንዳይሆኑ አናጢው አራርቆ ያስቀምጣቸው።